የኮምፒዩተርን ሥርዓተ ክወና እንደ ገና ስለ መትከል



በዚህ ዘመን የእርሻ ሥራ መዝገብ፥ ማለት የመሬቱ ልክ፥ የዘሩና የማዳበሪያው ዕደላ፥ የገበሬው ስም ዝርዝር፥ በኮምፒዩተር የሚቀመጥበት ቢሮ ብዙ ነው። ኮምፒዩተሩም ሲዘገይ ወይም አልከፈት ሲል ጸሐፊው «እንደ ገና ይጫን» ይላል፤ አለቃውም ይፈቅዳል። ነገር ግን መንገዱ አንድ አይደለም፤ አንዱ መዝገቡን ይጠብቃል፥ ሌላው ይደመስሳል። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ልዩነቱን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሥርዓተ ክወና ማለት በኮምፒዩተሩ ውስጥ የቀሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር ዋና ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ 10 እና በዊንዶውስ 11 ማደሻው መንገድ ሦስት ነው።

ፊተኛው ፋይልን ጠብቆ ማደስ ነው። የግል ፋይሎች ይቀራሉ፤ በኋላ የተጫኑት ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ። መዝገቡን በገዛ ማኅደሩ ውስጥ የሚያኖር የሂሳብ ፕሮግራም ቢኖር መዝገቡ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ቢዘገይም የሚከፈት ሲሆን ይህ መንገድ ይበቃል።

ሁለተኛው ሁሉን ደምስሶ ማደስ ነው። ይህ የሚገባው ኮምፒዩተሩ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ወይም ሲሸጥ ነው።

በነዚህ በሁለቱ የሥርዓቱ ፋይል ከራሱ ከኮምፒዩተሩ ወይም ከኢንተርኔት ይወሰዳል። ከራሱ ሲወሰድ ኢንተርኔት አያሻም፤ ነገር ግን ያ ፋይል ተበላሽቶ እንደ ሆነ ሥራው አይሰምርም። ከኢንተርኔት ሲወሰድ አዲስ ፋይል ይገኛል፤ ዳሩ ግን 4 ጊጋባይት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወርድ መስመሩ ደካማ በሆነበት አገር አይመችም።

ሦስተኛው ከፍላሽ መትከል ነው። ኮምፒዩተሩ ከቶ አልከፈት ሲል ወይም ቫይረስ ሲገባበት ይህ ይመረጣል። ፍላሹ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ጤነኛ ኮምፒዩተር ይዘጋጃል፤ በፍላሹ ላይ የነበረውም ሁሉ ይጠፋል። የዊንዶውስ 10 የተለመደ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ በዚሁ ጊዜ ዊንዶውስ 11ን መትከል ይሻላል።

ማናቸውም መንገድ ቢመረጥ አስቀድሞ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ መዝገቡን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጦ፥ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ማየት። ሁለተኛ፥ ዲስኩ በቢትሎከር የተቈለፈ እንደ ሆነ ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቍጥር በእጅ መያዝ። ሦስተኛ፥ መብራት በመካከል እንዳይቋረጥ መጠንቀቅ። ዲስኩ ራሱ የተጐዳ ከሆነ ግን ከሦስቱ አንዱም አያድነውም፤ መዝገቡን አውጥቶ ዲስኩን መለወጥ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኮምፒዩተር ቢጠፋ በሌላ ይተካል፤ ቅጂ የሌለው መዝገብ ቢደመሰስ ግን ገበሬው ሥራውን ትቶ እንደ ገና ሊመዘገብ ነው። ስለዚህ «ቅጂው የት አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ ማንም ሹም ፈቃድ አይስጥ።