መልካም ስም በኮንትራት አይገዛም

አባቶቻችን «መልካም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። በእኛ ዘመን ደግሞ ስም ከባለቤቱ ቀድሞ ይጓዛል። ማመልከቻ ያስገባ ወጣት ለፈተና ከመጠራቱ አስቀድሞ ቀጣሪው ስሙን በጎግል ፈልጎ ሊያይ ይችላል፤ ምንም ያላገኘ እንደሆነ፣ ወይም የሌላ ሰው ነገር ያገኘ እንደሆነ፣ ጉዳቱ የአመልካቹ ነው። ይህን ጭንቀት የተመለከቱ አንዳንድ ሰዎችም «ገንዘብ ክፈልና ስምህን ከሁሉ በላይ አወጣልሃለሁ» ይላሉ። ታዲያ ከትንሽ ደመወዝ ላይ ቀንሶ ለዚህ መክፈል ይገባልን?

ነገሩን ለመረዳት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ይዘን እንጦጦ ማርያምን እንመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሟን ያስጠራው ይህ ታሪክ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም። ይሁን እንጂ የታወቀ ስም እንኳ በኢንተርኔት ላይ ይበታተናል። በእንግሊዝኛ ፊደል «እንጦጦ»ን አንዱ በ«ኢ» ሌላው በ«አይ» ይጀምረዋል፤ «ማርያም»ንም አንዱ በ«ዋይ» ሌላው በ«አይ» ይጽፈዋል። በአቅራቢያዋ እንጦጦ ራጉኤል አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክም በተራራው ስም ይጠራል። እንግዲህ በዚያ እንግዳ እየመራ የሚተዳደር አስጎብኚ በባሕር ማዶ ያለ መንገደኛ እንዲያገኘው ቢሻ፣ «እንጦጦ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃውም፤ የትኛውን ስፍራ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያስጎበኝ ለይቶ መግለጽ አለበት።

የጎግል አሠራር ከምስክር ጋር ይመሳሰላል። በ1998 እ.ኤ.አ. ድርጅቱን ያቋቋሙት ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ዋና ሐሳባቸውም ሌሎች ድረ ገጾች የሚጠቁሙት ገጽ ከፍ ያለ ግምት ይሰጠው የሚል ነበር። ዛሬ ሌሎች ብዙ መለኪያዎች ቢጨመሩም፣ የሌላ ሰው ምስክርነት ዋጋው አልቀረም።

በዚህ ሥራ የሚረዳ እውነተኛ ባለሙያ አለ። ገጹ በስልክ ላይ በደንብ እንዲነበብና ቶሎ እንዲከፈት፣ ርእሱም ይዘቱን በትክክል እንዲናገር ያደርጋል። ነገር ግን አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጎግል ራሱ ያስጠነቅቃል፤ የሥራውም ፍሬ ለመታየት በአብዛኛው ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚፈጅ ይገልጻል። ስለዚህ «በሳምንት ውስጥ አንደኛ» የሚልህን አትመን። ከመዋዋልህ በፊት ምን ምን እንደሚሠራ ዘርዝሮ እንዲነግርህ፣ ቀድሞ የሠራውንም እንዲያሳይህ ጠይቀው። የመግቢያው ቁልፍ ቃል ባንተ እጅ ይሁን። በገንዘብ የተገዛ ጥቆማና የሐሰት ምስጋና የጎግልን ደንብ ይጥሳል፤ ገጹም ወደ ታች ሊወርድ፣ ጭራሽም ሊሰረዝ ይችላል።

ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ግን የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ሐይሌ» ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ፊደሎቹ ልዩ ልዩ ናቸው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍማ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ በዲፕሎማህና በፓስፖርትህ ላይ ያለውን አጻጻፍ አስተያይተህ አንዱን ምረጥ፤ በማመልከቻህም ሆነ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው በሊንክድኢን ላይ በዚያው ጽና። ቀጥሎም «ትጉህ ሠራተኛ ነኝ» ከማለት ይልቅ የሠራኸውን ጻፍ፤ ያስተካከልከውን መዝገብ፣ ያጠናኸውን ጥናት፣ ያስተማርከውን ትምህርት። የመሥሪያ ቤትህን ምስጢር ግን አታውጣ። ሥራህን በዓይኑ ያየ አለቃ ወይም መምህር ሁለት መስመር እንዲጽፍልህ ለምን፤ እርሱ የሚሰጠው ቃል ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ የራስህን ንግድ ወይም ሙያ የሚያስተዋውቅ ገጽ ቢያስፈልግህ ባለሙያ ቅጠር። ያን ጊዜ የምትከፍለው ያለውን ሥራህን ሰው እንዲያገኘው ነውና ገንዘብህ በከንቱ አይወጣም።