ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት

በቅርቡ አንዲት እናት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ነበር። «ልጄ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሲወጣ ነው የኖረው። ዘንድሮ ግን ደብተሩን ገልጦ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ገጹ አይገለበጥም። አባቱ ሰነፍክ ብሎ መታው። እኔም ሰነፍክ አልኩት» አሉን። «ሌሊት ይተኛል ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው ዝም አሉ። አላስተዋሉም ነበር።

እኛም ብንሆን ከኒህ እናት የተሻልን አይደለንም። የልጅ ውጤት ሲቀንስ የምናወጣለት ስም ወይ ሰነፍ ወይ ባለጌ ነው። አእምሮው ታሞ ወይም ተጨንቆ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገልጻል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ስምንት ዘጠኝ ልጅ መሆኑ ነው።

ጭንቀት ትምህርትን የሚጎዳበት መንገድ ግልጽ ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊሠራባቸው የሚችላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሒሳብ የሚሠራ ተማሪ ቁጥሩን፣ ቀመሩንና የደረሰበትን መስመር አንድ ላይ መያዝ አለበት። የተጨነቀው ልጅ ግን በዚያችው ጠባብ ቦታ ላይ «ብወድቅስ? አባቴ ምን ይለኛል?» የሚለውን ሐሳብም ተሸክሟል። ስለዚህ ቤት ሲሠራው ያደረው ጥያቄ ፈተናው ላይ ይጠፋበታል፤ ከክፍል ሲወጣ መልሱ ይመጣለታል። እኛም «አላጠናህም» እንለዋለን! እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። ቀን የተማሩት ነገር የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ሁኔታ እንመልከት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ለፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የወደቀው ሁሉ በጭንቀት ወደቀ አንልም፤ የትምህርት ጥራቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ነገር ግን ከመቶ ዘጠና ሰባቱ የወደቁበትን ፈተና የሚጠብቅ ልጅ ቤቱ ሲገባ «የጎረቤታችንን ልጅ አታይም?» ቢባል ምን ይጠቅመዋል?

ቁርኣን ማስቀራቱና ዱዓው መልካም ነው፤ አንተወውም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ስንታመም እንድንታከም አዘውናል። ልጁ ለሳምንታት ከሰው ከራቀ፣ ምግብና እንቅልፍ ካጣ፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንውሰደው። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ ለቁጣ ነው ብለን አንለፈው። ብቻውን ሳንተወው ያኔውኑ እናሳክመው።

እኒያ እናት ቤታቸው ተመልሰው ከልጁ ጋር የምትተኛውን ታናሽ እህቱን ጠየቁ። ለካስ ልጁ እስከ ሱብሒ አዛን ድረስ ዓይኑን አይከድንም ኖሯል። አሁን አባትየው ማታ ማታ ሻይ ይዘው ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ ስለ ውጤት አያነሱም። ልጁ ገና ብዙ አልተናገረም። ባለፈው ሳምንት ግን መምህሩ ስሙን ሲጠሩ ልቡ እንደሚመታና ጆሮው ድፍን እንደሚልበት ለአባቱ ነግሯቸዋል። ሐኪም ዘንድም ቀጠሮ ይዘውለታል።