ሦስተኛው ሽሮፕ
ስለ ሕፃናት ካንሰር የሚባለውና እውነቱ

«ካንሰር የትልቅ ሰው በሽታ ነው።» ነጭ ጋዋን የለበሱም ቢሆኑ ይህን የሚያስቡ አይጠፉም። በዓለም ላይ ግን በየዓመቱ 400 ሺህ ያህል ሕፃናትና ታዳጊዎች ካንሰር ይይዛቸዋል። ችግሩ አንድ የጤና ጣቢያ ባለሙያ በሥራ ዘመኑ የሚያየው ጥቂቶቹን ብቻ መሆኑ ነው፤ ብርቅ ነገር ደግሞ ይረሳል።

«ካላመመው ምንም የለውም።» ከሁሉም አሳሳቹ ይኸኛው ይመስለኛል። በልጅ ኩላሊት ላይ የሚወጣ ዕጢ ብዙ ጊዜ አያምም፤ እናት ልጇን ስታጥብ ጠንካራ ነገር ትዳስሳለች። ሆዱ ተነፍቶ ሲመጣ ወስፋት ነው ተብሎ ሽሮፕ ይታዘዝለታል፤ ካልተሻለው ሌላ ሽሮፕ፣ ከዚያም ሦስተኛ። እንዲህ ያለው ሆድ ተደጋግሞ መጫን የለበትም፤ በአልትራሳውንድ ይታይ። የአንገት ንፍፊትም እንዲሁ ነው። አብዛኛው በኢንፌክሽን የሚመጣ ቢሆንም፣ ሳያም እየጠነከረና እያደገ ከሄደ ግን ሌላ አንቲባዮቲክ መፍትሔ አይሆንም።

«የዓይን ሞራ ነው፣ ሲያድግ ይለቀዋል።» በስልክ ፎቶ ላይ የልጁ አንድ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ ወይም ዓይኑ ከሸወረረ፣ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ የሚይዘውም በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ነው። እውነትም ሞራ ቢሆን አይቆይም፣ የልጅ ሞራም አስቸኳይ ነው። ወላጅ «ዓይኑን ያወጡታል» ብሎ ይሸሻል፤ መውጣት ካለበት ግን የሚወጣው ሕይወቱን ለማትረፍ ነው።

የደም ካንሰር ይበልጥ ያታልላል። ከዓባይ በረሃ የመጣ ትኩሳት ወባ ይባላል፣ የገረጣ ፊት ደም ማነስ ይባላል፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ሲል፣ ሳይመታ ሰውነቱ ሲበልዝ፣ አጥንቱን ሲያመውና ሲገረጣ ግን ሙሉ የደም ቆጠራ ያስፈልገዋል። ምንነቱ ሳይታወቅ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መድኃኒት መስጠት ለጊዜው ያሽለዋል፣ ምርመራውን ግን ያጨልማል።

«ደብረ ማርቆስ ላይ ቢጠረጠር ምን ዋጋ አለው? ከያዘ አይድን።» በበለጸጉት አገሮች ከ10 ልጆች ከ8 በላይ ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ፣ በ2030 በዓለም ዙሪያ ቢያንስ 60 በመቶው እንዲተርፍ ግብ ጥሏል። ሕክምናው እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ነው፤ የጤና ጣቢያው ድርሻ መጠርጠር ነው። የሪፈር ወረቀቱ ላይም «ካንሰር ይጠረጠራል» ብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ «ለተጨማሪ ምርመራ» ብቻ ከተባለ ልጁ እንደማንኛውም ታካሚ ወረፋ ይጠብቃል።