ኤስኤስዲው ሲሞት ሃርድ ዲስኩ ያድናል?

«ኤስኤስዲው ለፍጥነት ብቻ ነው፤ ቢበላሽ እንኳ ዳታው ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ።» ሁለቱን አጣምሮ የሚሠራ ሰርቨር ሲገጠም ይህ አባባል አይጠፋም፤ ሰዎችን ባክአፕ ሳይዙ የሚያስቀምጣቸውም ይኸው እምነት ነው። አባባሉ ከመሬት አልተነሳም። ዜድኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ኤልቱአርክ የተሰኘው ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) የሚይዘው የተገለበጠ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ቢሞት የሚጠፋው ፍጥነቱ ብቻ ነው። የሊኑክሱ ቢካሽም ቅንብሩ ካልተነካ «ተጻፈ» የሚለው ዳታው ሃርድ ዲስኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ይህን ለማንኛውም ጥምረት እውነት አድርጎ ማውራት ላይ ነው።

ያው ቢካሽ ራይትባክ በሚባለው አሠራር ሲዋቀር ኤስኤስዲው ዳታውን ተቀብሎ ወዲያው «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ወደ ሃርድ ዲስኩ የሚያሳልፈው ቆይቶ ነው። እስከዚያ አዲሱ ቅጂ ያለው ኤስኤስዲው ላይ ብቻ ነው። ፋይል ሲስተሙ ደጋግሞ የሚጽፈው ደግሞ የራሱን ማውጫ ስለሆነ፣ ኤስኤስዲው ሲሞት ሃርድ ዲስኩ ላይ አሮጌውና አዲሱ ተደበላልቆ ይቀራል። አፕል በ2012 ያወጣው ፊውዥን ድራይቭ ጭራሽ ካሽ አልነበረም። 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲና 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ እንደ አንድ ዲስክ ሆነው፣ መጠናቸው ተደምሮ ይታይ ነበር። ድምሩ ራሱ ምስክር ነው፦ ኤስኤስዲው የያዘው ቅጂ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚታየው 1 ቴራባይት በሆነ ነበር። ዳታው ተዛውሯል እንጂ አልተባዛም። ኦፕንዜድኤፍኤስ በ2019 በ0.8 እትሙ ያመጣው «ስፔሻል» ክፍልም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ አንድ ፎቶ የትኛው ብሎክ ላይ እንዳለ የሚናገረው መረጃ እዚያ ያድራል፤ መጠባበቂያ ሳይኖረው ከሞተ፣ ፎቶዎቹ ሃርድ ዲስኮቹ ላይ ሳይነኩ ቢቀመጡም የዲስኮቹ ስብስብ በሙሉ አይከፈትም።

«ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፣ አይበላሽም» የሚሉ አሉ። ሴሎቹ በተጻፈባቸው ቁጥር ያልቃሉ፤ መቆጣጠሪያው ቺፕም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሞት ይችላል። «ታዲያ ሁልጊዜ ሁለቱም ላይ ይጻፍ» የሚለው የተሻለ ክርክር ነው። ግን በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ለአንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ለሚበታተን ጽሕፈት ይህ ረጅም ጥበቃ ነው። ስለዚህ ራይትባክ መጥፎ ነው አልልም፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ምርጫ ያለም አይመስለኝም። የምቃወመው አደጋው ሳይነገር ፍጥነቱ ብቻ መሸጡን ነው።

ሌሎቹ እምነቶች አጭር መልስ ይበቃቸዋል። ኤስኤስዲ ሲጨመር ሁሉም ነገር አይፈጥንም፦ ረጅም ቪዲዮን በተርታ ማንበብ ሃርድ ዲስክም አያቅተውም። ኤልቱአርክ በተለቀ ቁጥር አይሻልም፤ ማውጫው ራም ይበላል። ስሎግ የሚባለው የዜድኤፍኤስ የጽሕፈት መዝገብም የሚያፋጥነው ፕሮግራሙ «መጻፉ ይረጋገጥልኝ» ብሎ የሚጠብቀውን ጽሕፈት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሲስተሙን ለሚገጥምልዎ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «ኤስኤስዲው አሁን ቢነቀል፣ ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት የት ይገኛል?» «ኤስኤስዲው ላይ ብቻ» ካለ፣ ሁለተኛ ኤስኤስዲ በሚረር ይጨመር፣ ባክአፑም ለብቻው በሌላ ዲስክ ይያዝ።