ከካብ ሥር ያለው ሙቀት፦ ለእባብ ማደሪያ ስንሠራ

በእስቴ ወረዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያ ያሉትን ተዳፋት ማሳዎች የተመለከተ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በካብ ላይ ነው። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ደርድሮ እርከን ይሠራበታል፤ ግቢውንም ያጥርበታል። እርከኑ የሚሠራው አፈሩ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ወደ ዓባይ እንዳይወርድ ነው። ነገር ግን ካቡ ማንም ያላዘዘውን ሌላ አገልግሎት ይሰጣል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች ለአይጥ፣ ለእንሽላሊት፣ ለእንቁራሪትና ለእባብ ማደሪያ ይሆናሉ። ይህን የሚያውቅ እረኛ እጁን ወደ ካብ ስንጥቅ ዝም ብሎ አይሰድም።

እባብ ካብን የሚመርጠው ለምንድን ነው? ለመደበቅ ነው ማለት እውነት ነው፤ ሆኖም ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው በፊዚክስ ውስጥ ሲሆን፣ ይህንኑ በሚገባ የተማሩት በቤታቸው እባብ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» በሚባልበት አገር እባብን በመስታወት ሣጥን ማኖር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ግን የቆየ ልማድ ነው፤ ከሚመረጡትም አንዱ ጋርተር እባብ ነው።

የጋርተር እባብ ስም የመጣው ቀድሞ ካልሲ ከጉልበት በታች ይታሰርበት ከነበረው ባለ መስመር ጥብጣብ ነው፤ በጀርባውና በጎኖቹ ላይ የሚወርዱት ቢጫ መስመሮች ያንን ጥብጣብ ይመስላሉ። ሳይንሳዊ የወገን ስሙ ታምኖፊስ ሲሆን ከግሪክኛ የተወሰደና «የቁጥቋጦ እባብ» ማለት ነው። ተራው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1758 በሊኔየስ ተሰየመ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ እንቁላል ሳይጥል ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል፤ የምድር ትል፣ ዓሣና እንቁራሪት ይበላል። ምራቁ መለስተኛ መርዝ ቢኖረውም በሰው ላይ ከባድ ጉዳት አያደርስም። እስከ ካናዳ ድረስ ዘልቆ ስለሚኖር ብርድን መቋቋም የሚችል እንስሳ ነው።

እንደ ማንኛውም ገበሎ አስተኔ ግን የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ ከአካባቢው ይሸምተዋል እንጂ። የበላውን ለመፍጨት፣ በሽታን ለመከላከል፣ በሆዱ ያሉትን ልጆች ለማሳደግ ተስማሚው የሰውነት ሙቀት ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚህ እጅግ ሲወርድ የዋጠው ምግብ በሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቆያል፤ አንዳንዴም መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ እባቡ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ቢኖር ቦታ መምረጥ ነው።

ሬይመንድ ሂዩይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት ጥናት ይህን ምርጫ በቁጥር አሳይቷል። በካሊፎርኒያ በኢግል ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ ጋርተር እባቦች በየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚያድሩ በሬዲዮ ማሰራጫ ተከታተሉ፤ የድንጋዮቹንም ውፍረትና ከሥራቸው ያለውን ሙቀት ለኩ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚያንሰው ስስ ድንጋይ ቀን ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ወፍራም ድንጋይ በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢመታውም ከሥሩ በበቂ አይሞቅም። እባቦቹ በብዛት የመረጡት በሁለቱ መካከል ያለውን ነበር። በዚያ ሥር የተኛ እባብ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ሰዓት ተስማሚውን ሙቀት ያገኛል።

ምክንያቱን አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የፀሐይ ሙቀት በድንጋይ ውስጥ እንደ ቀስተኛ ማዕበል ይጓዛል፤ እየጠለቀ በሄደ ቁጥርም ይደክማል። ለተለመደ ጠንካራ ድንጋይ ግምታዊ ስሌት ብንሠራ፣ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲደርስ የሙቀቱ መዋዠቅ በፊቱ ላይ ከነበረው ወደ አንድ ስድስተኛ ያህል ይወርዳል፤ ሰባት ሰዓት ያህልም ይዘገያል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የድንጋዩን ፊት ያቃጠለው ሙቀት ከሥሩ የሚደርሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው። በደጋ አገር፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሚታየው የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ከሚታየው በሚበልጥበት በእስቴ፣ ይህ መዘግየት ለእባብ ቀላል ነገር አይደለም። የእስቴ ካብ ደግሞ ስስና ወፍራም ድንጋይ ተቀላቅሎበት የተሠራ በመሆኑ፣ ለእባቡ ብዙ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ ሣጥን እንመለስ። በሣጥን ውስጥ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ መስታወቱም አይችለውም። ካቡ በሰዓታት የሚያደርገውን ሣጥኑ በርቀት ማድረግ አለበት። ለአንድ ያደገ ጋርተር እባብ ርዝመቱ ከ90 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቢያንስ እባቡ ሰውነቱን ዘርግቶ ሊተኛበት የሚችል ሣጥን ይዘጋጃል። በአንደኛው ጫፍ ከላይ አምፖል ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ 30 ዲግሪ ይሞቃል። ሌላው ጫፍ ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ይቆያል። ሌሊት አምፖሉ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ድንጋዩ ወፈር ቢል ይመረጣል፤ አምፖሉ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሙቀቱን ይይዛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መደበቂያውን፣ ማለትም ቅርፊቱን ወይም ግማሽ ገሉን፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ያስቀምጡታል፤ ለዓይን ስለሚያምር ብዙውን ጊዜ በመካከል። እባቡ እንግዲህ ወይ ተደብቆ ይበርዳል ወይ ተጋልጦ ይሞቃል። እንደ እባብ ባለ በብዙ ጠላት በሚታደን እንስሳ ዘንድ መደበቅ ስለሚያሸንፍ፣ ሙቀት በአጠገቡ ሳለ ቀዝቅዞ ይከርማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጫፍ መደበቂያ ማድረግ፣ በመካከልም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይታይ የሚሻገርበትን ቅጠል፣ ቅርንጫፍና ሣር መደርደር። ጌጥ የሚባለው ነገር ሁሉ ሥራው ይህ ነው።

ድንጋይ አቀማመጥ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካብ የሚሠራ ሰው መሠረቱን አፈር ላይ አይጥልም፤ ቆፍሮ ጠንካራውን መሬት ያገኛል። በሣጥኑም ድንጋዩ በመጀመሪያ ወለሉ ላይ ተደላድሎ ከዚያ አፈሩ በዙሪያው ይሞላል። ድንጋዩ በአፈር ላይ ከተቀመጠ እባቡ ከሥሩ ሲሰረስር ሊጨፈልቀው ይችላል። አፈሩ ማዳበሪያም ሆነ ፀረ ተባይ ያልነካው፣ ከደረቀ ቅጠል ጋር የተቀላቀለና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ይሁን። የጥድ ፍቅፋቂ በቅርብ ቢገኝም አይመከርም፤ ጥሩ መዓዛ የሚሰጡት ዘይቶች በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የእባቡን ሳንባ ያውካሉ። ጋርተር እባብ ውኃ ስለሚወድ ሊነከርበት የሚችል ሰፊ ገበታ ይቀርብለታል፤ ወለሉ ግን ሁልጊዜ ረጥቦ መኖር የለበትም። እርጥብ አፈር ላይ ሲቆይ ቆዳው ይቆስላል። እርጥበቱ በአንድ መደበቂያ ውስጥ፣ በረጠበ የድንጋይ ሽበት ላይ ቢወሰን ቆዳውን በሚገፍበት ጊዜ ይረዳዋል። ክዳኑም በቁልፍ ይዘጋ፤ ገና የተወለደ ጋርተር እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ያመልጣል።

ስንት እባብ በአንድ ሣጥን? እ.ኤ.አ. በ2020 ሞርጋን ስኪነርና ኖአም ሚለር በካናዳ ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይነሣል። 40 ወጣት ጋርተር እባቦችን በቡድን በቡድን አድርገው መደበቂያዎች ባሉበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። በየጊዜው እያወጡ ሣጥኑን ካጸዱ በኋላ ቦታቸውን እያቀያየሩ መለሷቸው። እባቦቹ ተመልሰው ተሰባሰቡ፤ መሰባሰብ ብቻም ሳይሆን የተወሰኑ ግለሰቦችን እየለዩ ነበር አብረው የሚያድሩት። ስለዚህ መደበቂያዎቹ አንድ እባብ ብቻ በሚያስገቡ ጠባብ ቀዳዳዎች መወሰን የለባቸውም። በካናዳ በማኒቶባ፣ ናርሲስ በተባለው ሥፍራ፣ በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጋርተሮች አብረው ክረምቱን ያሳልፋሉ፤ በፀደይ ሲወጡ በመኪና እንዳይዳጡም ከመንገዱ ሥር መተላለፊያ ተሠርቶላቸዋል። ለእባብ ሲባል መንገድ የተቦረቦረበት ሥፍራ ምናልባት ከዚያ ሌላ ጥቂት ነው።

በአገራችን ያለው ነገር ከዚህ ይለያል። የደጋችን እባቦች ገና በሚገባ አልተጠኑም፤ ከባሌ ተራሮች የተገኘው የቢቲስ ሐረና እፉኝት ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን አይፈቅድም፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ከካብ ሥር የወጣ እባብ እፉኝት ይሁን ሌላ፣ ያልሠለጠነ ዓይን አይለየውም። ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶች የእባብ ንድፊያ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎች በዚሁ ምክንያት እንደሚሞቱ ያመለክታል። ስለዚህ እባብ ያዙ አንልም።

ማደሪያውን ግን ያለ እባብ መሥራት ይቻላል፤ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብም ከዚህ የሚሻል ርካሽ ሙከራ ማግኘት ያዳግታል። በግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያገኝ ሥፍራ፣ ከዱላ ጋር ገላልጦ አይቶ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ውፍረታቸው 10፣ 30 እና 50 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ድንጋዮችን በአፈር ላይ ማስቀመጥና ከእያንዳንዳቸው ሥር ገመድ ያለው ቴርሞሜትር ማስገባት ነው። አራተኛው ቴርሞሜትር በጥላ ሥር አየሩን ይለካል። ንባቡ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይመዘገባል፤ የሌሊቱ ተራ በእርግጥ ክርክር ያስነሣል። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ ደመና በሚውልበት ወቅት ሌላ ጊዜ ቢደገም ሁለት ግራፎች ይገኛሉ። በግራፎቹ ላይ በ28 እና በ32 ዲግሪ ሁለት አግድም መስመሮች ይሠመሩና በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር በመስመሮቹ መካከል ስንት ሰዓት እንደዋለ ይቆጠራል። በሐምሌው ግራፍ ላይ ምናልባት አንድም ላይገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ጥያቄ የእስቴ እባብ ክረምቱን በምን ሙቀት እንደሚያሳልፍ ይሆናል።