የህንድ አየር ኃይል ብቸኛው ባለ አምስት ኮከብ መኮንን

በህንድ አየር ኃይል ታሪክ የባለ አምስት ኮከብ ማዕረግ የደረሱት አንድ መኮንን ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም ማርሻል አርጃን ሲንግ ይባላሉ።

"የህንድ አየር ኃይል ማርሻል" የተሰኘው ይኸው ማዕረግ በምድር ጦር ከፊልድ ማርሻል ጋር የሚስተካከል ነው። የተሰጠው መኮንን ዕድሜ ልኩን በሥራ ላይ እንዳለ ስለሚቆጠር፣ መንግሥት የሚሰጠው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በምድር ጦሩም ማዕረጉን ያገኙት ማኔክሾ እና ካሪያፓ ብቻ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1919 የተወለዱት አርጃን ሲንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበርማ ግንባር ስኳድሮን መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በ45 ዓመታቸው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1965 የፓኪስታን ታንኮች በቻምብ ግንባር ሲገፉ፣ አየር ኃይሉ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለውጊያ እንደሚነሳ ለመንግሥት አረጋገጡ። አውሮፕላኖቹ በዚያው ምሽት ቢደርሱም፣ አራት ያረጁ የቫምፓየር ጀቶች በመውደቃቸው የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ከግንባር እንዲወጡ ተደርጓል። ጦርነቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ በተኩስ አቁም ቆመ። በተከታዩ ዓመት የአዛዡ ማዕረግ ወደ ባለ አራት ኮከብ ከፍ ሲል የመጀመሪያው ባለማዕረግ እርሳቸው ሆኑ።

አምስተኛውን ኮከብ ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ጡረታ ከወጡ ከ32 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በጥር ወር 2002 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለቀድሞው ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም አስከሬን ክብር ለመስጠት በ96 ዓመታቸው ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ተነስተው ወታደራዊ ሰላምታ አቅርበዋል።

ማርሻሉ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2017 በ98 ዓመታቸው አርፈዋል።