ከመስከረም እስከ ሰኔ በአንድ ቡድን?

በብዙ አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎች የንባብ ቡድን በመስከረም ይመደባል፤ እስከ ሰኔ አይነካም። ጎበዙ ከፊት፣ «ደካማ» የተባለው ከኋላ ዴስክ። ለቡድኖቹ የአበባ ስም ቢወጣላቸውም የሰባት ዓመት ልጅ የሰነፎቹ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

«በችሎታ ከተመደቡ ይበቃል» የሚለው እምነት ግማሹ እውነት ነው። ፊደል ያልለየ ልጅ አንቀጽ ከሚያነብ ልጅ ጋር ቢቀመጥ ሁለቱም ይጎዳሉ። ፕራትም የተባለው የህንድ የትምህርት ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በቻሉት ልክ እየመደበ ያስተምራል፤ እዚያ ግን ልጁ እየተፈተነ ባወቀ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ከአስር እኩል ሦስት ያገኙ ሁለት ልጆች እንውሰድ። አንዷ «ሊ»ን ስታይ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ብላ ካልቆጠረች አታውቀውም፤ የፊደል ገበታውን በቃሏ ነው የያዘችው። ሌላው ፊደሉን ሁሉ ይለያል፤ ግን «ልብስ»ን ል፣ ብ፣ ስ እያለ ነጣጥሎ ስለሚጠራው ቃሉ አይመጣለትም። ለእሷ የተዘበራረቀ የፊደል ካርድ፣ ለእሱ ድምፅ ማጣመር ያስፈልጋል። ማርኩን ብቻ አይቶ «ደካማ» ቡድን ውስጥ የከተታቸው መምህር የአንዳቸውን ጊዜ ያባክናል።

በወላጅ ስብሰባ «ልጁ ተፈጥሮው ነው» እያሉ የምደባውን ችግር የሚያድበሰብሱ ሰዎች ያናድዱኛል። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። የአገር ሲሶ ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይፈጠርም! ስለዚህ ምደባው መከለስ አለበት፤ በስንት ሳምንት ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ በዓመት አንዴ ግን በፍጹም አይሆንም።

«ስልሳ ተማሪ ይዞ ቡድን አይሞከርም» ይባላል። ከባድ ነው፤ ግን በቀን ሁሉንም ቡድን ማዳረስ ግድ አይደለም። መምህሩ አንዱን ቡድን አሥር ደቂቃ ሲያስነብብ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያንብቡ፤ ነገ ተራው የሌላው ነው።

«የቡድን መሪው ያስነብባቸዋል» የሚሉም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ መሪው ያነባል፣ ሌሎቹ አፉን ያያሉ።

«በአንድ ድምፅ ካነበቡ ችለዋል» የሚለውንም አትመኑ። ጣታቸውን ተመልከቱ፦ አፉ መስመሩን ሲጨርስ ጣቱ ሁለተኛው ቃል ላይ የቀረ ልጅ በቃሉ ነው የሚወጣው። ለብቻው ጥሩትና ከገጹ መሃል አንድ ቃል ጠቁሙለት።